ሱስንና የዕፅ ጉዳትን በሥርዓት ደረጃ መከላከል፦ ለአካባቢ ቡድኖች የአሠራር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ኦክሲኮንቲን የተባለው ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ክኒን አሠራሩ ተለወጠ። ቀድሞ ተፈጭቶ በአፍንጫ ይሳብ ወይም ተሟሙቶ በመርፌ ይወሰድ የነበረው ክኒን ከዚያ ወዲህ በቀላሉ የማይፈጭ ሆነ። የታሰበው ተሳካ፤ ያንን ክኒን አላግባብ የሚወስደው ሰው ቁጥር ቀነሰ። ነገር ግን ሱስ ቀድሞ ለያዛቸው ሰዎች የህክምናው በር በዚያው ልክ አልሰፋም ነበርና ብዙዎቹ ወደ ሄሮይን ዞሩ። በሄሮይን የሚሞተው ሰው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሻቀበ። ከ2013 ገደማ ጀምሮ ደግሞ በድብቅ የሚመረት፣ ከሄሮይን እጅግ የሚበረታ ፈንታኒል የተባለ ሰው ሠራሽ ዕፅ ገበያው ውስጥ ገባ። በ2021 በዚያች አገር በዕፅ መመረዝ የሞቱት ሰዎች በአንድ ዓመት ብቻ ከ100,000 በለጡ።

ክኒኑን መለወጡ በራሱ ተገቢ እርምጃ ነበር፤ ጉዳቱ የመጣው እርምጃው ብቻውን በመወሰዱ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በአንድ ወረዳ፣ ከተማ ወይም ትልቅ ተቋም ውስጥ ሱስን ለመከላከል ለሚሠሩ ቡድኖች ነው። ጤና ባለሙያው፣ መምህሩ፣ ፖሊሱና ማረሚያ ቤቱ እያንዳንዳቸው ጠንክረው እየሠሩም ሰው የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በመካከላቸው ሲሻገር ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው እነዚህን መሻገሪያዎች በማየት ነው።

ድንበሩን ወስኑ፣ ሰው ሰብስቡ

የምትሠሩበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ የትኛው አካባቢ፣ የትኛው የዕድሜ ክልል፣ የትኞቹ ዕፆች። አልኮልና ትምባሆን አትዝለሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከአልኮል ጋር በተያያዘ 2.6 ሚሊዮን፣ ከሌሎች ዕፆች ጋር በተያያዘ ደግሞ 600,000 ሰዎች ሞተዋል። ሕገወጥ ዕፅን ብቻ የያዘ ዕቅድ ትልቁን ጉዳት ገና ሲጀምር ከጠረጴዛው ያነሳዋል።

ቡድኑ ከ8 እስከ 12 ሰው ቢሆን ይበቃል። ከጤና ተቋም፣ ከድንገተኛ ህክምና ወይም ከአምቡላንስ፣ ከፋርማሲ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከፖሊስ፣ ከማረሚያ ቤት፣ ከማህበራዊ አገልግሎትና ከወላጆች አንድ አንድ ሰው ይምጣ። ዕፅ የሚጠቀሙ ወይም ያገገሙ ሰዎች ግን ቢያንስ ሁለት ይሁኑ። አንድ ብቻ ከሆነ ጌጥ ይሆናል፤ ሁለት ሲሆኑ ይደጋገፋሉ፣ ሌላው የማያውቀውንም ይናገራሉ። የትኛው ክሊኒክ ሰውን ያመናጭቃል፣ የትኛው መርሃ ግብር በወረቀት ላይ ብቻ አለ፣ በዚህ ሳምንት የተሸጠው ዕፅ ምን ይመስላል የሚለውን ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለጊዜያቸውም እንደ ሌላው ባለሙያ ይከፈላቸው።

የሚመጣው ሰው በተቋሙ ስም መወሰን የሚችል ይሁን። በየስብሰባው ተለዋጭ ተወካይ የሚልክ መሥሪያ ቤት ካለ በሦስተኛው ወር ላይ ኃላፊውን በግል አነጋግሩ፤ ዝም ከተባለ ቡድኑ የሪፖርት ማድመጫ ሆኖ ይቀራል።

የፍሰቱን ካርታ ሳሉ

በሰፊ ወረቀት ላይ ሰባት ሳጥን ሳሉ፦ ጨርሶ የማይጠቀሙ፣ አልፎ አልፎ የሚጠቀሙ፣ ጉዳት እየደረሰባቸው የሚጠቀሙ፣ ሱስ የያዛቸው፣ ህክምና ላይ ያሉ፣ በማገገም ላይ ያሉ፣ የሞቱ። ሳጥኖቹን በቀስት አያይዙ። ወደ ኋላ የሚመለሱትንም ቀስቶች አትርሱ፤ ከህክምና ወደ ሱስ የሚመለሰው ቀስት ብዙ ጊዜ በካርታው ላይ ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከዚያ በየቀስቱ ላይ በወር ስንት ሰው እንደሚያልፍ ጻፉ። ትክክለኛ ቁጥር ከሌለ ግምት ጻፉና ግምት መሆኑን በሌላ ቀለም አሳዩ። ባዶ የቀረ ቀስት ማንም የማይከታተለው መሻገሪያ ነውና ክበቡት።

ቁጥሩ ምን እንደሚጠቅም በምሳሌ እንየው። በአንድ አካባቢ በየወሩ 30 ሰው ህክምና ይጀምራል እንበል። ከእነዚህ 60 በመቶው በሦስት ወር ውስጥ ያቋርጣል፤ 12 ሰው ይቀራል። አሁን በጀት ተገኘና ሁለት አማራጭ ቀረበ። አንደኛው የመቀበል አቅምን ከ30 ወደ 40 ማሳደግ ነው። የማቋረጡ መጠን ካልተለወጠ በወር 16 ሰው ይቀራል፤ ትርፉ 4 ሰው ነው። ሁለተኛው አቅሙን በ30 ትቶ የሚያቋርጠውን ከ60 ወደ 40 በመቶ ማውረድ ነው፤ 18 ሰው ይቀራል፤ ትርፉ 6 ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ርካሽም ነው፤ የሥራ ሰዓት መቀየር፣ የቀረን ሰው በማግስቱ መደወል፣ የመድኃኒት መጠንን ማስተካከል አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም። ካርታ ያልሳለ ቡድን ግን ሁልጊዜ አልጋ ይጨምራል፤ አልጋ ስለሚታይ።

ለሱስ ሳጥንም ተመሳሳይ ስሌት ሥሩ። በወር የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠ፣ ህክምናው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሳጥኑ እየሞላ ይሄዳል። ቅድመ መከላከልና ህክምና በጀት የሚሻሙ ተቀናቃኞች እንዳልሆኑ ቡድኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ መግቢያውን፣ ሌላው መውጫውን ይይዛል።

አዙሪቶቹን ለዩ

ከካርታው ላይ ራሳቸውን እየመገቡ የሚያድጉ አዙሪቶችን ፈልጉ። ሦስቱ በሁሉም ቦታ ይገኛሉ። የመጀመሪያው የመገለል አዙሪት ነው፦ ሰው ሲናቅ ይደበቃል፣ ሲደበቅ ህክምና ይዘገያል፣ ሲዘገይ ሁኔታው ይከፋል፣ የከፋው ሁኔታ ንቀቱን ያበረታዋል። ሁለተኛው የእስር አዙሪት ነው፦ ታስሮ የወጣ ሰው ሥራና መኖሪያ አጥቶ፣ ሰውነቱ ለዕፁ የነበረውን መላመድም አጥቶ ወደነበረበት ሰፈር ይመለሳል። ሦስተኛው የዝውውር አዙሪት ነው፦ ቁጥጥር ሲጠብቅ አዘዋዋሪው በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ያለውን ዕፅ ይመርጣል፤ ለመደበቅ ይቀላልና። ጠንካራው ዕፅ ብዙ ሰው ይገድላል፤ ሞቱ ቁጥጥሩ የበለጠ እንዲጠብቅ ይገፋፋል።

ከአዙሪቶቹ ጎን መዘግየትን ጻፉ። የስድስት ዓመት ሕፃን ላይ የተሠራ ሥራ ውጤቱ የሚታየው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ በሄሮይንና በመሰል ዕፆች የደረሰ መመረዝን የሚቀለብሰው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት ያድናል። ሁለቱን በአንድ የበጀት መስመር ላይ ካስቀመጣችኋቸው በየዓመቱ መጨረሻ የሚቆረጠው የሕፃናቱ ነው። የቅድመ መከላከሉን ገንዘብ ለብቻው፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት በሚጸና ስምምነት እሰሩት።

ከምንጩ፦ በየዕድሜው የሚሠራና የማይሠራ

ከማይሠራው እንጀምር፤ ገንዘቡ በብዛት የሚባክነው እዚያ ነውና። የአንድ ቀን ዘመቻ፣ አስፈሪ ፎቶ፣ ፖሊስ ወይም ያገገመ ሰው ክፍል ገብቶ የሚያደርገው የማስፈራሪያ ንግግር የተማሪን ባህሪ አይለውጡም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተጀምሮ በብዙ ሺህ ትምህርት ቤቶች የተሰራጨው ዴር የተባለው በፖሊሶች የሚሰጥ ትምህርት በተደጋጋሚ ሲገመገም በዕፅ አጠቃቀም ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ከ1998 እስከ 2004 በአሜሪካ መንግሥት የተካሄደው ግዙፍ የማስታወቂያ ዘመቻም የታለመውን ውጤት አላመጣም። ወጣቶች ማስታወቂያውን ደጋግመው ሲያዩ ‹‹ለካ ሁሉም ሰው ይጠቀማል›› ብለው ሊያስቡ ይችላሉ፤ የዘመቻዎች ዋና አደጋ ይህ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና ወንጀል መከላከያ ቢሮ በ2013 ያወጣቸውና በ2018 ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ያሻሻላቸው ዓለም አቀፍ የመከላከል ደረጃዎች ሥራውን በዕድሜ ይከፍሉታል። በእርግዝናና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሠለጠነ ነርስ ችግር የበዛባቸውን እናቶች ቤት ድረስ ሄዶ ይጎበኛል። በአንደኛና ሁለተኛ ክፍል መምህሩ ተማሪዎችን በቡድን ከፍሎ ሥርዓት ለጠበቀ ቡድን ትንሽ ሽልማት የሚሰጥበት ጨዋታ አለ፤ ጨዋታው ስለ ዕፅ አንዲት ቃል ባይናገርም አሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ በ1980ዎቹ የተጫወቱት ተደባዳቢ ወንዶች ልጆች ካደጉ በኋላ የዕፅ ችግራቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ የቤተሰብ ሥልጠና ይሠራል፦ ሰባት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፤ በመጀመሪያው ሰዓት ወላጆችና ልጆች ለየብቻ፣ በሁለተኛው አብረው። ከ12 ዓመት በኋላ ተማሪው ራሱ የሚሳተፍበት የሕይወት ክህሎት ትምህርት በተከታታይ ሳምንታት ይሰጥና በሚቀጥለው ዓመት በማጠናከሪያ ይደገማል።

የቤተሰብ ሥልጠና የሚከሽፈው በይዘቱ ሳይሆን በመገኘት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጪ አድርጉት፣ ለትንንሾቹ ልጆች ተንከባካቢ መድቡ፣ የትራንስፖርት ወጪ ሸፍኑ፣ ጥሪውም ወላጆች ከሚያምኑት ሰው ይምጣ። አሠልጣኙ ሰባቱን ሳምንት ወደ ሦስት ለማሳጠር ከጠየቀ እምቢ በሉ፤ ተፈትኖ የተገኘው ውጤት የሰባቱ ነው።

አካባቢን መለወጥ ግለሰብን ከማስተማር ይበልጥ እንደሚሠራ አይስላንድ አሳይታለች። በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ተማሪዎች መካከል ባለፈው ወር የሰከሩት 42 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 5 በመቶ ደረሱ። በየቀኑ የሚያጨሱት ከ23 ወደ 3 በመቶ ወረዱ። አሠራሩ ሊገለበጥ የሚችል ነው፦ ተማሪዎች በየጊዜው ስም የሌለው መጠይቅ ይሞላሉ፣ ውጤቱ በየትምህርት ቤቱ ተለይቶ ሳይቆይ ለወላጆችና ለአስተዳደሩ ይቀርባል፣ ወላጆች በጋራ በሚፈርሙት ስምምነት ስለ ማምሻ ሰዓትና ስለ መጠጥ አንድ ዓይነት ደንብ ይይዛሉ፣ መንግሥት ደግሞ ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለሌላ የተደራጀ እንቅስቃሴ ገንዘብ ይደጉማል። ቁልፉ የመረጃው ትኩስነት ነው። የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው አገር አቀፍ ቁጥር ለማንም ወላጅ ‹‹ልጄ ነው›› አያሰኝም፤ በዚህ ወር ከልጁ ትምህርት ቤት የወጣ ቁጥር ግን ያሰኛል።

ለአልኮልና ለትምባሆ ዋጋን በግብር መጨመር፣ ማስታወቂያን መከልከል፣ የሽያጭ ሰዓትንና የሻጮችን ብዛት መገደብ ዋነኞቹ መሣሪያዎች ናቸው። የዕድሜ ገደብ ያለ ክትትል ወረቀት ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን ያልደረሱ ፈታኞችን በአዋቂ አጃቢነት ልካችሁ ማን እንደሚሸጥ ለዩ።

የህክምናው በር

መጠይቅን የመደበኛ ምርመራ አካል አድርጉት። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአልኮል መለኪያ 10 ጥያቄ አለው፤ በጠቅላላው ከሚያዘው 40 ነጥብ ውስጥ 8 እና ከዚያ በላይ ማግኘት አደገኛ አጠቃቀምን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ሱስ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል። ለሌሎች ዕፆችም ተመሳሳይ መለኪያ አለ። ነጥቡን ከመዘገባችሁ በኋላ የሚቀጥለው እርምጃ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ጠይቆ ምንም አለማድረግ ታካሚው ዳግመኛ እውነቱን እንዳይናገር ያደርገዋል።

የመጠበቂያ ጊዜን በቀን ቁጠሩ። ሰው ‹‹ይበቃኛል›› የሚልበት ሰዓት አጭር ነው፤ ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆነ አብዛኛው አይመጣም። ግባችሁ በዚያው ቀን ማስጀመር ይሁን።

ለሄሮይንና ኦፒዮይድ ለሚባሉት መሰል ህመም አደንዛዥ ዕፆች፣ ዕፁን የመፈለግ ስሜትንና ማቆም የሚያስከትለውን ህመም የሚያስታግሱት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉ መድኃኒቶች የህክምናው አከርካሪ ናቸው። በ2017 የታተመ የብዙ ጥናቶች ትንተና በሜታዶን ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ሞት በ1,000 ሰው በዓመት 11 ገደማ፣ ህክምናውን ባቋረጡት ዘንድ ደግሞ 36 ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይኸው ትንተና ሁለት አደገኛ ወቅቶችን ለይቷል፦ ሜታዶን የሚጀመርበት የመጀመሪያው አራት ሳምንትና ካቆሙ በኋላ ያለው አራት ሳምንት። ስለዚህ ሐኪሙ ሜታዶንን በዝቅተኛ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ10 እና 30 ሚሊግራም መካከል ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚከማች በሦስተኛው ቀን ያለው ኃይል ከመጀመሪያው ቀን ይበልጣል። ቡፕረኖርፊን ደግሞ ዕፁ ከሰውነት ሲጎድል የሚመጡት የማቋረጥ ምልክቶች በግልጽ ሳይታዩ ከተሰጠ ራሱ ድንገተኛና ከባድ የማቋረጥ ህመም ይቀሰቅሳል፤ ከሄሮይን በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ፈንታኒልን ለረጅም ጊዜ ለወሰደ ሰው ከዚያም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

መርሃ ግብሮች በሁለት ስህተት ይፈርሳሉ። አንደኛው መጠኑን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ በቀን ከ60 ሚሊግራም በታች ሜታዶን ላይ የቀረ ታካሚ ብዙ ጊዜ ይጎድለውና ከውጭ ይጨምራል። ሁለተኛው በሽንት ምርመራው ዕፅ የተገኘበትን ሰው ማባረር ነው። ምልክቱ የታየበት በሽተኛ ከህክምና የሚባረርበት ሌላ በሽታ የለም።

ለኮኬይንና ለሜታምፌታሚን ይህን ያህል አስተማማኝ መድኃኒት እስካሁን የለም። የተሻለ ማስረጃ ያለው ከዕፅ ነፃ ለሆነ ለእያንዳንዱ ምርመራ ወዲያው ሽልማት የሚሰጥበት ዘዴ ነው። ሽልማቱ በዚያው ቀን ይሰጥ፤ በወር መጨረሻ የሚደርስ ኃይሉን ያጣል።

አልኮልን ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት እንዲያቆም አትገፋፉ። ከመጨረሻው መጠጥ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል ህመም፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ መንቀጥቀጥና ከፍተኛ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ይህም ይገድላል። ከዚህ በፊት ሲያቆም የጣለው ሰው በሐኪም ክትትል ሥር እንጂ ቤት ውስጥ አይቁም። ቫይታሚን ቢ1 መስጠት አይረሳ። የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒኖች ከሆኑት ቤንዞዲያዜፒኖችም በድንገት መውጣት እንዲሁ አደገኛ ነው፤ በሳምንታትና በወራት ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ሞትን መቀነስ፣ ዛሬ

ሱሱ እስኪለቅ ድረስ ሰውየው በሕይወት መቆየት አለበት። በኦፒዮይድ የተመረዘ ሰው አይነቃም፣ ትንፋሹ ይዘገያል ወይም ያቃስታል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል። ከባድ ማንኮራፋት የሰላም እንቅልፍ ምልክት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሞተው ‹‹ተኝቶ ይለፍለት›› ተብሎ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ትከሻውን ነቅንቁ፣ በስሙ ጥሩ፣ የደረቱን አጥንት በጡጫችሁ አጥብቃችሁ እሹ።
2. የድንገተኛ እርዳታ ጥሩ።
3. ናሎክሶን ስጡ፦ በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ 4 ሚሊግራም የሚረጨውን ወይም 0.4 ሚሊግራም በጭን ጡንቻ በመርፌ።
4. ራሱን ወደ ኋላ አዘንብላችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በየ5 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ ስጡ። የሚገድለው የአየር እጥረቱ ስለሆነ መድኃኒቱ እስኪሠራ ትንፋሹ አይቋረጥ።
5. ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ካልተመለሰ ናሎክሶኑን ድገሙ።
6. ሲተነፍስ በጎኑ አስተኙትና አጠገቡ ቆዩ። ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይሠራል፤ ዕፁ ግን ከዚያ በላይ ሊቆይና መልሶ ሊጥለው ይችላል።

ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት፣ ወተት ማጠጣት፣ ጨው መስጠት ወይም በግድ ማራመድ ጊዜ ይገድላሉ። ናሎክሶኑን መያዝ ያለባቸው በመጀመሪያ ዕፅ የሚወስዱት ሰዎች፣ ጓደኞቻቸውና ቤተሰቦቻቸው ናቸው፤ አምቡላንስ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። እርዳታ የጠራ ሰው በዚያው ምክንያት እንደማይታሰር ከፖሊስ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ ስምምነቱንም ሰዎች እንዲያውቁት አድርጉ።

በመርፌ ለሚወስዱ ሰዎች ንጹሕ መርፌ ያለ ቁጥር ገደብ ይሰጥ። አንድ አሮጌ ካላመጣችሁ አንድ አዲስ አንሰጥም የሚል ደንብ መጋራትን ያበዛል፤ ኤች.አይ.ቪ. እና ሄፓታይተስ ሲ የሚሻገሩት በዚያ ነው። የፈንታኒል መመርመሪያ ወረቀት ከተገኘ አንድ መስመር ሲታይ ፈንታኒል አለ፣ ሁለት ሲታይ አልተገኘም ማለት መሆኑን አስረዱ፤ በአብዛኛው ሌላ ምርመራ የለመደ ሰው በተቃራኒው ያነብበዋል። ዕፁ እኩል ስለማይደባለቅ ‹‹አልተገኘም›› ማለት ‹‹አያሰጋም›› ማለት አይደለም፤ ብቻን አለመውሰድ ይቅደም። ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ በ2003 የተከፈተው በባለሙያ ፊት ዕፅ የሚወሰድበት ማዕከል በ500 ሜትር ዙሪያው የመመረዝ ሞትን በ35 በመቶ ዝቅ አድርጓል።

ርክክብ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ከእስር የወጡ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2007 የታተመ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በዕፅ መመረዝ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 129 እጥፍ እንደነበር አግኝቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መላመዱ ጠፍቷል፣ የሚወስዱት መጠን ግን የድሮው ነው። ዕፅ ከሰውነት በሚወጣበት ማዕከል ቆይቶ ያለ መድኃኒት የሚወጣ ሰውም እዚያው አደጋ ውስጥ ነው። ቤተሰብ ‹‹ነጽቶ መጣ›› ብሎ የሚደሰትበት ሳምንት ለሕይወቱ እጅግ አስጊው ሳምንት ነው።

በካርታችሁ ላይ መሻገሪያዎቹን አንድ በአንድ ጻፉ፦ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ሱስ ህክምና፣ ከማረሚያ ቤት ወደ ውጭ፣ ከማገገሚያ ወደ ቤት፣ ከወጣቶች አገልግሎት ወደ አዋቂዎች፣ ከወሊድ ክፍል ወደ ማህበረሰብ። ለእያንዳንዳቸው ደንቡ አንድ ይሁን፦ ተቀባዩ ‹‹ሰውየው ደርሶኛል›› ብሎ እስኪያረጋግጥ ድረስ ኃላፊነቱ የላኪው ነው። የሪፈር ወረቀት መስጠት ርክክብ አይደለም።

ለማረሚያ ቤት በተግባር እንዲህ ይሠራል። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ውስጥ እያለ ይቀጥላል ወይም ይጀመራል። ከመውጫው ቀን አራት ሳምንት በፊት የውጭው ክሊኒክ ሠራተኛ በአካል መጥቶ ይተዋወቀዋል። መታወቂያው አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ያለ መታወቂያ መድኃኒት አለማግኘት ተደጋጋሚ መሰናክል ነው። በሚወጣበት ቀን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያደርስ መድኃኒትና ናሎክሶን በእጁ ይያዝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማንም አይለቀቅ፤ ክሊኒኮች እስከ ሰኞ ዝግ ናቸው። ከዚያም በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው ያገኘዋል፤ ካልተገኘ በስሙ የሚፈልገው ሠራተኛ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። መረጃው እንዲተላለፍ ፈቃዱን ቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የጤና መረጃው ለፖሊስ እንደማይሰጥም በግልጽ ንገሩት።

የማስጠንቀቂያ ሥርዓት

በየሳምንቱ ሰኞ አንድ ገጽ ይዘጋጅ፦ የአምቡላንስ ጥሪ ብዛት፣ በድንገተኛ ክፍል የታየ መመረዝ፣ የተሰጠ ናሎክሶን፣ የሞት ምርመራ ውጤት፣ ከመርፌ አገልግሎት የተሰማ ወሬ። የአንድ ሳምንት ቁጥር ያለፉት አራት ሳምንታት አማካይ እጥፍ ሲሆን ቡድኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነጋገር። ቁጥሩ ትንሽ በሆነበት አካባቢ ባልተለመደ ዕፅ የሞተ አንድ ሰው እንኳ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያው ሲጻፍ ‹‹በጣም ኃይለኛ ዕፅ ገብቷል›› አትበሉ፤ ኃይለኛውን የሚፈልግ ሰው አለና። ምን እንደተሸጠ፣ ምን ሆኖ እንደተገኘ፣ ምን ምልክት እንደሚያሳይና ምን መደረግ እንዳለበት ብቻ ጻፉ። ከሦስት ሳምንት በኋላም ማስጠንቀቂያው መነሳቱን አሳውቁ፤ የማይነሳ ማስጠንቀቂያ ቀስ በቀስ አይሰማም።

መለካትና ማስተካከል

ስድስት ያህል ቁጥር ይበቃል፦ የመጀመሪያ መጠጥ ወይም ዕፅ ዕድሜ፣ የህክምና መጠበቂያ ቀን፣ በስድስት ወር ህክምና ላይ የቀረው ድርሻ፣ በ72 ሰዓት የተሳካ ርክክብ፣ የመመረዝ ሞት፣ አዲስ የኤች.አይ.ቪ. እና የሄፓታይተስ ሲ ኢንፌክሽን። የተያዘ ኪሎ፣ የታሰረ ሰው፣ የተበተነ ብሮሹር ሥራ መሠራቱን እንጂ ጉዳት መቀነሱን አያሳዩም። አንድን ለውጥ በአንድ ቦታ ለሦስት ወር ሞክሩ፣ ቁጥሩን እዩ፣ ከዚያ አስፉት። ለእያንዳንዱ እርምጃ አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ መልሱ፦ ይህ በር ሲዘጋ ሰዎቹ ወዴት ይሄዳሉ?

የስዊዘርላንዷ ዙሪክ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ መልሳለች። በ1992 መጀመሪያ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዕፅ የሚወስዱበት ፕላትስፒትስ መናፈሻ ሲዘጋ ትዕይንቱ ከዚያ ብዙም ወደማይርቀው ሌተን የባቡር ጣቢያ ተዛወረ። በ1995 ሌተን ሲዘጋ ግን የሚጠብቃቸው ቦታ ነበር፦ የሰፋ የሜታዶን አገልግሎት፣ ከ1994 ጀምሮ በሐኪም የሚታዘዝ ሄሮይን፣ ወደ መጡበት አካባቢ የሚመለሱበት መንገድ። ትላልቆቹ የአደባባይ ትዕይንቶች ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

ስለዚህ የትኛውንም ክሊኒክ፣ ፕሮግራም ወይም የመሰብሰቢያ ቦታ ከመዝጋታችሁ በፊት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ስጡ። በመጀመሪያው ሳምንት የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይዘጋጅ። እስከ አራተኛው ድረስ እያንዳንዱ ሰው በአካል ይነገረውና የሚሄድበትን ይምረጥ። ከአምስተኛው ጀምሮ አሮጌውና አዲሱ ቦታ ጎን ለጎን ይሥሩ፣ መድኃኒትም በሁለቱም ይገኝ። በስምንተኛው ሳምንት ከዝርዝሩ ውስጥ በአዲሱ ቦታ ያልታየ ሰው ካለ በሩ ክፍት ይቆይና ያ ሰው ይፈለግ።